ጉሮሮዬ ውስጥ የተቀመጠው ውሻ

እስቲ እናንተው ፍረዱኝ። ሰው በሁዳዴ ሥጋ በላ ተብሎ ይታማል፤ ደግ፣ ይታማ። ፋሲካ ገብቶ፣ ዶሮው ታርዶ፣ አገሩ ሁሉ ቅቤ በቅቤ ሆኖ ሳለ «አልበላም አለ» ተብሎ የታማ ሰው ግን ታውቃላችሁ? ካላወቃችሁ እኔን እወቁኝ። ከአፍንጮ በር እስከ ጊዮርጊስ ያለው ሰው ሁሉ እኔን ሲያላምጥ የከረመው በበላሁት ሳይሆን ባልበላሁት ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። አትቸኩሉ፤ እኔም ያን ሰሞን ቀስ ብዬ ነው የኖርኩት፣ ወደዚያም እንመጣለን።

ሥራዬ ፒያሳ፣ ሲኒማ ቤት በር ላይ ነው። ትኬት እቀበላለሁ፣ ለሁለት እቀዳለሁ፣ ሰው አስገባለሁ። ቀላል ይመስላል አይደል? እስቲ እሁድ ከሰዓት መጥታችሁ የፒያሳን ጎረምሳ በአንዲት ጠባብ በር አስገቡትና እንያችሁ። ጉልበት አይበቃም። ምላስ ነው የሚያስፈልገው፣ እሷን ደግሞ እግዜር አልነፈገኝም። ሊሾልክ የመጣውን አንድ ቃል ከወረወርኩበት ከነጓደኞቹ ተመልሶ ሰልፉ ጭራ ላይ ይቆማል። ትምህርቴንም የጨረሰችልኝ ይቺው ምላሴ ናት። ስምንተኛ ክፍል ላይ ከሒሳብ አስተማሪው ጋር ተጣላንና እኔ ወጣሁ፣ እሱ እዚያው ቀረ። አሁንም እዚያው ነው አሉ፤ ያሳዝነኛል።

ታዲያ አንድ ቀን የሸሚዜ የላይኛው ቁልፍ አልገባም አለኝ። እኔ ደግሞ ለቁልፍ የምሸነፍ ሰው አይደለሁም። ሸሚዙን ይዤ ወደ ሰፋው ሰውዬ ሄድኩና «ጨርቄን ሰርቀሃል» ብዬ መንገደኛው እስኪሰበሰብ ጮህኩበት። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቴ ላይ ጠመጠመና ሸሚዙ ያው ነው፣ የወፈረው አንገትህ ነው አለኝ። አንገት ለብቻው ይወፍራል እንዴ? የቀረው ሰውነቴ እንደሆነ የኮት መስቀያ ነው። ቤቴ ሄጄ በመስታወት ሳይ ግን እውነቱን ነው፤ ጉሮሮዬ ሥር ሎሚ የሚያህል ነገር ተቀምጦ ያየኛል።

ሆስፒታል ስሄድ መጀመሪያ እንቅርት ነው አሉኝ። ቀድደው ሲያዩት ነቀርሳ ሆነና ቆርጠው አወጡት። ለማስታወሻ አንገቴ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄድ ጠባሳ ተዉልኝ። ይቺን ጠባሳ ያዟት፤ ኋላ ጉድ ታፈላለች።

አለቀ ብዬ ልሰናበት ስሄድ ሐኪሙ ገና ነው አለኝ። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፣ ቁመቱ የመብራት እንጨት፣ አማርኛው ከ«ደህና ነህ» አያልፍም። የሚያስተረጉምለት ቁስል አጣቢው ድሬሰር ነው፤ ይሄ ድሬሰር የጉለሌ ልጅ ነው፣ አነጋገሩ ወደ እኔ ይጠጋል። ከተቆረጠው ውስጥ በዓይን የማይታይ ርዝራዥ ቀርቷል አለኝ። እሱን የሚገድለው ጨረር ያለበት አዮዲን ነው፣ ትጠጣዋለህ። ያንን ቁስል ላይ የሚቀቡትን? አልኩት። የሱ ዘመድ ነው፣ ግን ሌላ ነው አለኝ። ግራ ስጋባ ጊዜ ሐኪሙን ተወውና በራሱ መንገድ አስረዳኝ።

«ውሻ ሲመርዙ አይተህ አታውቅም? የጠገበ ውሻ የተመረዘ ሥጋ ሲጥሉለት አሽትቶ ያልፋል። የተራበው ግን ሳያላምጥ ነው የሚውጠው። አንተም ጉሮሮህ ውስጥ ውሻ አለ። ምግቡ አዮዲን ነው። መድኃኒቱ እስኪመጣ ማስራብ ነው።»

ይሄ ገባኝ። የሚያስርቡት እንዴት ነው ስል ግን የነገረኝ ነገር ከመታረዱ የባሰ ሆነ። ጨው የለም፤ ከባሕር ነውና አዮዲን አለበት። ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፣ አይብ የለም፣ እንቁላል የለም። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ በተቆረጠው ዕጢ ፈንታ የምውጣትንም ኪኒን አቁም ተባልኩ። መድኃኒቱ ከአውሮፓ በአውሮፕላን ነው የሚመጣው፣ በእኔ ስም ታዟል፣ ሲያድር ኃይሉ እየሞተ ስለሚሄድ በደረሰበት ነው የሚጠጣው። ውሻው ጠግቦ ከጠበቀው መድኃኒቱ በሽንት ይወጣል፤ ሌላ መቼ እንደሚገኝ አይታወቅም። ውሻው ግን ይቀራል፣ ማደጉንም አይተውም አለኝ። ይሄንን ሲል ቀልዱን አቁሞ ስለነበር እኔም አቆምኩ።

እንግዲህ ይሄ ሁሉ የሆነው መቼ ነው? ልክ ፋሲካ በዋለ ሳምንት። ሁዳዴ ከተጋመሰ ጀምሮ ሆስፒታል የከረምኩት ልጅ ልፈታ ቤቴ ስገባ እማዬ ቅቤውን አንጥራ፣ እንቁላሉን ደርድራ፣ የዶሮውን አጋማሽ ለእኔ ብላ አስቀምጣ ጠበቀችኝ። የሐኪሙን ትእዛዝ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ ይሄ ሐኪም እናት አለው ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

ጨውን መተው ማለት ወጥ ውስጥ አለመጨመር ብቻ እንዳይመስላችሁ። የእማዬ በርበሬ ሲደለዝ ጀምሮ ጨው አለበት፣ ሽሮዋ ስትፈጭ ጀምሮ ጨው አለባት፣ ዳቦውም አለበት። የዓመት ስንቋን ይዛ ቤቱ መሐል ቆመች። ወዳጄ ሸምሱ ሱቅ ሄድኩ። ሸምሱ የጉራጌ ልጅ ነው፣ ከቤታችን በታች መንገዱ ዳር ሱቅ አለው፣ አብረን ነው ያደግነው። ባሕር ያልነካው ጨው አለህ ወይ አልኩት። ጨው ሁሉ የባሕር ልጅ ነው፣ አሞሌውም አያቱ ባሕር ነበረ፣ ይልቅ ጨው የማይበላ ሰው ከሱቄ በር ዘወር ይበልልኝ፣ ገበያ ያበላሻል አለኝ። እንዲህ ሆኜ በክክ አልጫና በቅቅል ድንች ላይ ወደቅሁ። ጨው የሌለው ድንች በልታችሁ ታውቃላችሁ? ሣሙና ይሻላል። ሣሙና ቢያንስ ሽታ አለው።

ይሄንንም እችለው ነበር። ያልቻልኩት የኪኒኗን መቅረት ነው። ለካ እኔን እኔ የምታደርገኝ እሷ ኖራለች። በሳምንት ጊዜ ውስጥ ብርድ ገባኝ፣ በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ደርቤ መሄድ ጀመርኩ። ዓይኔ አበጠ። ድምፄ ጎረነነ። ከሁሉ የከፋው ምላሴ ዘገየች። ሐሳቡ ይመጣል፣ ቁጣው ይመጣል፣ ቃሉ ግን ከአፍንጮ በር ፒያሳ በእግሩ ነው የሚመጣው። አንዱ ጎረምሳ ያለ ትኬት ሲሾልክ አየሁትና አፌን ከፈትኩ። ስድቡን ሳገኘው እሱ ተቀምጦ ፊልሙ ተጋምሷል። ገብቼ ጆሮው ሥር ብነግረው ተመልካቹ በሙሉ ዝም በል አለኝ። እኔን።

አሁን እንግዲህ ከሰፈሩ ሰው ዓይን ሆናችሁ እዩኝ። በሁዳዴ ክትፎ ቤት ታየ የሚባለው ልጅ፣ ወር ሙሉ ጠፍቶ ከረመና ሲመለስ ጋቢ ለብሷል፣ በዝግታ ይራመዳል፣ ሲሰድቡት አይመልስም፣ ወተት አይቀምስም፣ እንቁላል አይነካም፣ ጨው እንኳ ትቷል። ምን ትላላችሁ? እነሱም ያንኑ አሉ። መነኮሰ።

የታመመ መጠየቅ እንደምታውቁት ባዶ እጅ አይሆንም። በመጀመሪያው ሰሞን የመጣው ሁሉ እንቁላል በመሶብ፣ ወተት በጮጮ ይዞ ነበር የሚመጣው፣ እኔም አንድ በአንድ እመልስ ነበር። ወሬው ሲሰማ ግን የሚጠይቁኝ ሰዎች ዓይነት ተቀየረ። ከኛ ጋር አጥር የምትጋራው እትዬ ዘነበች፣ ያቺ ላም ያላት፣ ያቺ ከተወለድኩ ጀምሮ ዱርዬ ስትለኝ የኖረች ሴትዮ፣ አንድ ቀን መጣችና ነጠላዋን አደግድጋ ፊቴ ቆመች። ራሷን ሲፈልጣት ከርሟል። እጅህን ጫንብኝ አለችኝ። እኔ ልላት የፈለግሁትን ነገር እዚህ አልጽፈውም። ቃሉን እየፈለግሁ ዝም ብዬ ሳያት፣ ሳያት፣ ሳያት፣ እሷ ዓይኗን ጨፍና ቆየችና አመስግናኝ ሄደች። በማግስቱ ራሴን ተሻለኝ ብላ ወተት ላከች። ውሻዬን ልታጠግብብኝ!

ወተቱን መለስኩት። እማዬ ግን መንገድ ላይ ጠብቃ ተቀበለችው።

እማዬን አታውቋትም። ሰው እህል እምቢ ካለ ሞቱን እየጠራ ነው ብላ የምታምን ሴት ናት። ጨው ሳይበላ የዳነ ሰው ሰምቼ አላውቅም ትላለች፣ እውነት ነው አልሰማችም። አንድ ቀን ያበሰለችልኝ ጎመን አላምር አለኝ፣ ማለት በጣም አማረኝ። ድስቱ ላይ አጎንብሼ ሳሸት ቅቤ ነው። ከየት መጣ ስላት ድስቱ ዓምና ከተሠራበት የቀረ ሽታ ነው አለችኝ። ሌላ ቀን ክኩ ውስጥ ጨው አገኘሁ። እሱንም ውኃው ነው አለች። ልቆጣ ተነሣሁ። «እማዬ፣ አንቺ... ይሄንን... ውሻ...» እያልኩ ቃል ስለቅም እሷ ሳህኑን አንሥታ፣ አጥባ፣ ደፍታ፣ ጎረቤት ሄዳለች። ከእሷ ጋር በምላስ ስንዋጋ ድሮም እኩል ነበርን፤ አሁንማ ብቻዋን ሜዳው ላይ ቀረች።

ስለዚህ ቤት መብላት ተውኩ። ሸምሱ ሱቅ ጓሮ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ እሱ የቀቀለልኝን ድንች እየበላሁ ከረምኩ። ሸምሱ ሲልጥልኝ ድሮ አንተን ለመመገብ አንድ በሬ አይበቃም ነበር፣ አሁን አንድ ድንች ይተርፋል እያለ ያፌዝብኛል። ለእሱም መልስ አለኝ፤ ሲደርስልኝ እነግረዋለሁ።

ሰፈሩ ግን ሥራ አልፈታም። በሐምሳው ቀን ከእናቱ ቤት አልበላም ብሎ እስላም ቤት የሚበላ ክርስቲያን ምን ሊሆን ነው? ሊሰልም ነው። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከዱርዬ ወደ መናኝ፣ ከመናኝ ወደ ሸህ አደግሁላችሁ። ሸምሱ ሲሰማ በሳቅ ጆንያው ላይ ወደቀ። ድንች ያሰለመው ሰው እስካሁን የለም፣ አንተ የመጀመሪያው ትሆናለህ አለኝ። እማዬ ግን አልሳቀችም። ነጠላዋን አጣፍታ የነፍስ አባታችንን ልትጠራ ጊዮርጊስ ወረደች።

አባ ወልደሚካኤል መጡ። ሽማግሌ ናቸው፣ ጃንጥላቸውን በጋ ከክረምት አይጥሏትም፣ ቤታችንን ክርስትና ከተነሣሁ ጀምሮ ያውቁታል። እማዬ የጠበሰችውን እንቁላል መሐላችን አስቀመጠች፣ ቅቤው ይንጫጫል። አባ በእጃቸው ጠቅልለው ወደ እኔ ዘረጉ። ጉርሻ። ከካህን እጅ። እንቢ የማይባል ጉርሻ ማለት ይሄ ነው፤ እማዬ ምን እንደምትሠራ ታውቃለች።

«ብላ ልጄ» አሉኝ። «በሐምሳው ጾም የለም። አሁን መጾም ትንሣኤውን እንዳለማመን ነው። እናትህንም አታስለቅስ።»

አፌን ገጥሜ በዓይኔ ለመንኳቸው። ጉርሻው አየር ላይ ቆየ። አባ ፊቴን አዩ፣ ጠባሳዬን አዩ፣ ከዚያ ጉርሻውን ራሳቸው ጎረሱትና እማዬን ንስሐ ነው፣ ለብቻችን ተይን አሏት። ወጣች። ጆሮዋ ግን በሩ ላይ እንደቀረ አውቃለሁ።

የውሻውን ነገር ነገርኳቸው። በዚያች ምላሴ ተናግሬ እስክጨርስ አባ እንቁላሉን ጨርሰው እጃቸውን ታጥበው ነበር። አላቋረጡኝም። ጉሮሮዬ ውስጥ ያለው ከጠገበ መድኃኒቱ ባዶውን እንደሚያልፍ፣ ሌላ እንደማይገኝ፣ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን እኔ እንደማውቅ፣ እማዬ ግን እንደማታውቅና ልነግራት እንደማልችል፣ ሁሉንም።

«እኔንም ዓምና ለደም ግፊቴ ጨው ተዉ ብለውኝ ነበር» አሉ። «የወንድሜ ልጅ ከምትሠራው ወጥ አንድ ቀን ጨው አጉድላ አታውቅም። ሐኪም ሲናገር ሴቶቹ አይሰሙም ልጄ።»

«እርስዎን... ይሰማሉ» አልኳቸው።

«ቀኖና ከሰጠሁ ይሰማሉ።» ትንሽ አሰቡ። «ቀኖና ግን ያለ ኃጢአት አይሰጥም። ምን ኃጢአት አለህ?»

የሁዳዴውን ክትፎ አልኩ። እሱን እናትህ ከነግራሙ ነግራኛለች አሉኝ። ለዚህ ይበቃል ወይ ስላቸው፣ ትንሽ ያንሳል፣ ምላስህን ስንጨምርበት ግን ይሞላል አሉና ተነሡ። ጾም አይባልም፣ በጠዋትም ብላ፣ ስግደትም የለብህም፣ ግን ጨውና ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ሐኪሙ እስኪፈታህ በአንደበትህ እንዳይገባ ብለው ድምፃቸውን ለበሩ በሚበቃ መጠን ከፍ አደረጉ። ሲወጡ እማዬን ደጅ ላይ በጃንጥላቸው ከልለው ጥቂት አነጋገሯት። እሷም ጎንበስ ብላ መስቀላቸውን ተሳለመች። ስለኔ ነው ብዬ ልብ አላልኩትም።

ተአምር አይታችሁ አታውቁም። ሐኪም ከአውሮፓ ተምሮ መጥቶ ያቃተውን ነገር አባ በጃንጥላ ፈቱት። እማዬ በዚያው ቀን ጨውን ከነዕቃው፣ ቅቤን ከነቅሉ አውጥታ እትዬ ዘነበች ቤት አስቀመጠች። አንድ ጎረቤት እንቁላል ይዞ ሲመጣ በሩ ላይ ሆና ቀኖና ላይ ነው ትልና ትመልሳለች። ክኬ ከዚያ ወዲያ ጨው አልሸተተም። ቤት መብላት ጀመርኩ፤ ሸምሱም ድንቹን መልሶ መሸጥ ጀመረ።

ዋጋ የሌለው ነገር ግን የለም። ሰፈሩ ደግሞ ሌላ ሒሳብ ውስጥ ገባ። በሐምሳው ቀኖና? ያውም ጨው የሚያስተው? ይሄማ ተራ ኃጢአት አይደለም። አንዱ ሰው ደብድቧል አለ፣ ሌላው ደብድቦ ብቻ አይደለም አለ፣ በመጨረሻ ጠባሳዬ ትዝ አላቸው። ለካ እኔ ወር ሙሉ ሆስፒታል ሳይሆን እስር ቤት ነው የከረምኩት፣ ተሰቅዬ ገመዱ ተበጥሶ ነው የተረፍኩት፣ ገመድ የበጠሰ ደግሞ ምሕረት ያገኛል። ይሄ ወሬ ፒያሳ ሲደርስ የሲኒማ ቤቱ ሰልፍ እንደ ቆሎ ተማሪ ተደርድሮ ጠበቀኝ። ማንም አልሾለከም። ማንም አልገፋም። ያ ያለ ትኬት የገባው ጎረምሳ ሁለት ትኬት ይዞ መጣ፣ አንዱ ላለፈው ነው አለኝ። በዕድሜዬ እንደዚያ የተከበርኩበት ጊዜ የለም፣ ያውም ቃል ሳልተነፍስ። ተንፍሼ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ይበላሽ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ገርሞኛል። በዚያ ሰሞን የእማዬ ማኅበር እኛ ቤት ነበረና እንግዳ ሁሉ የበላው ወጥ ጨው የለውም ተባለ። እትዬ ዘነበች ለአንዱ ሲሉ ሁላችንን ቀኖና አስገቡን ብላ ስትስቅ ሰማሁ። እማዬ ወጥ ስትሠራ ጠብ አድርጋ መዳፏ ላይ ሳትቀምስ ድስት አውርዳ አታውቅም፤ የአፍንጮ በር ሴት ሁሉ የሚመሰክርላት እጅ ነው። እኔን ለማናደድ የሚያወሩት ነው ብዬ ተውኩት። ለመናደድም ጊዜ ይፈጅብኝ ነበር።

መድኃኒቱ ደረሰ ተብሎ ተጠራሁ። ሐኪሙ በድሬሰሩ በኩል በእርግጥ ጨው አልበላህም ወይ ብሎ አጥብቆ ጠየቀኝ፤ ሰው ሁሉ አልበላሁም ይላል፣ ሁሉም በልቶ ይመጣል አለ። የአባን ነገር ነገርኩት። ድሬሰሩ እየሳቀ ሲያስተረጉምለት ፈረንጁ አልሳቀም፤ እኚህ ሰው እዚህ መጥተው ሊሠሩ ይችሉ እንደሆነ ጠይቅልኝ አለው።

ከዚያ በእርሳስ ከተሠራ ድፍን ዕቃ ውስጥ አንዲት ብልቃጥ በረጅም መቆንጠጫ አወጡ። ያንን ሁሉ ጠብቄ፣ ያንን ሁሉ ተርቤ፣ የመጣልኝ የውኃ ጉንጭ ነው። ጣዕም የለውም። እሱም ጨው የለውም። ጠጣሁት፤ ስጠጣው ሁሉም ከእኔ ሸሽተው ግድግዳው ጋ ቆመዋል። ብቻዬን አንድ ክፍል ዘጉብኝና ጨረሩ ከላይህ እስኪወጣ ማንም እንዳይጠጋህ፣ አንተም እንዳትጠጋ አሉኝ። ይሄንን አፍንጮ በር ቢያይ ኖሮ ምን አዲስ ኃጢአት እንደሚሰጠኝ እያሰብኩ ተኛሁ።

ቆይተው ጨረር ስታገኝ የምትንጣጣ መሣሪያ ይዘው መጡና አንገቴ ላይ አነጣጠሩ። ሆዴ ላይ ሲያደርጓት ዝግ ብላ ታንኳኳለች። ጉሮሮዬ ጋ ስትደርስ እንደ ጤፍ ምጣድ ላይ ተንጣጣች። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። ድሬሰሩ ከበሩ ሆኖ «ውሻህ በልቷል። ጥርግ አድርጎ ነው የበላው» አለኝ።

ከጥቂት ቀን በኋላ አሁን ያሻህን ብላ ተባልኩ። ይሄንን የሰማችው እማዬ ምሳ ቋጥራ መጣች። ድሬሰሩ ግቢው ውስጥ በኖራ መስመር አሰመረላትና ከዚህ እንዳያልፉ አላት። እኔ በመስኮቱ ውስጥ፣ እሷ ከመስመሩ ማዶ። ሳህኑን እሱ አምጥቶ መስኮቱ ላይ አስቀመጠልኝ፤ የሚመለስ ሳህን አይደለም፣ ክፍሉ ውስጥ ነው የሚቀረው ሲላት በጣም ተቀየመችው። ዶሮ ወጥ ነው፣ ከነእንቁላሉ። ሌላ ሳህን በጨርቅ አስራ አጠገቧ መሬት ላይ አስቀምጣለች። እየኝ ብላ ፊቷን ስታቀናልኝ ጉንጯ ጎድጉዷል። ያን ሁሉ ሳምንት አንድ ቤት ውስጥ ሳለን አላየሁትም ነበር።

«እማዬ... ይሄንን... ቀምሰሽዋል?» አልኳት።

«በምን አፌ ልቅመስ?» አለችኝ። «አባ ያን ዕለት ደጅ ላይ፣ ምላሱን ያስረዘምሽው አንቺ ነሽ፣ እሱ እስኪፈታ አንቺም ጨውና ቅቤ እንዳትቀምሺ ብለውኛል። አንተ ስትፈታ እፈታለሁ። በል ጉረስ።»

ጎረስኩ። ወገኖቼ፣ አሰብ ያለው ባሕር እንዳለ ተገልብጦበታል። ለስንት ሳምንት ጨው ያልቀመሰች እጅ መጠኑን ረስታዋለች። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ከጨው ነው በሉት። ቀና ብዬ አየኋት። መዳፏን ከፍታ፣ ልክ ጠብ አድርጋ እንደምትቀምስበት አድርጋ ይዛ፣ ከመስመሩ ማዶ ቆማ ፊቴን ትጠብቃለች።

«ልክ ነው እማዬ» አልኳት።

እሷ ወደ ድሬሰሩ ዞረች።

«ልጄ፣ ሐኪሙን ጥራልኝ። ይሄ ልጅ አልዳነም። ከተወለደ ጀምሮ የሠራሁትን ልክ ነው ብሎኝ አያውቅም።»

ድሬሰሩ ሊያስረዳት ሞከረ፣ መሣሪያው ተንጣጥቷል፣ ውሻው በልቷል አላት፤ ምን ውሻ ነው የምትለኝ ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ልትገባ ተነሣች። ሌላ ምርጫ አልነበረኝም። ትንፋሼን ሰበሰብኩ።

«ጨው... አብዝተሽበታል። ሽንኩርቱም... በደንብ አልበሰለም። ዶሮውን ደግሞ... አርጅቶ በራሱ ሞት ሊሞት ሲል ነው... የደረሽበት።»

ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። እሷም አልቸኮለችም፤ አንድ አንዱን ቃል ቅዳሴ እንደሚሰማ ሰው አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰማችኝ። ስጨርስ ተመስገን አለችና መስመሩ ዳር ቁጭ ብላ የራሷን ሳህን ፈታች። አንድ ጎረሰች። ፊቷ ጭምድድ አለ።

«እውነትም በዝቷል» አለች።

ሁለታችንም ጥርግ አድርገን በላነው።